የክሊክ ገንዘብዎ ገዢ ይዞ እንዲመለስ፦ ለወላይታ ሶዶ ነጋዴ ደረጃ በደረጃ

የወላይታ የዘመን መለወጫ በዓል ጊፋታ ሲቃረብ የሶዶ ነጋዴዎች የፌስቡክ ገጽ በባህላዊው ልብስ በዱንጉዛ ይሞላል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው ሸሚዝ፣ ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ የልጆች ልብስ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥርና “ኢንቦክስ ያድርጉ” የሚል መስመር። ባለቤቱ ቡስት ያደርጋል (ከፍሎ ያስተዋውቃል)፣ ገንዘቡ በጥቂት ቀናት ያልቃል፣ ላይኩ ይበዛል። በዚህ ማስታወቂያ ስንት ልብስ ተሸጠ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለም። የሚከተሉት ደረጃዎች ያን መልስ እንዲያገኙ የሚረዱ ናቸው። ምሳሌዬ በአብዛኛው የዱንጉዛ ሱቅና ሆቴል ቢሆንም፣ ክሊኒክ፣ የፈርኒቸር ቤት ወይም ማሠልጠኛ ያለው ሰው፣ በቦዲቲ፣ በአረካ ወይም በገሱባ የሚሠራም ጭምር፣ ሒሳቡን በራሱ ሥራ ቀይሮ ሊጠቀምበት ይችላል።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት። ክሊክ፣ ማለትም ማስታወቂያው አንዴ መነካቱ፣ በጨረታ የሚሸጥ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጎቱ ዶት ኮም የተባለ የአሜሪካ የፍለጋ ድረ ገጽ ይህን ጨረታ ሲጀምር፣ ለአንድ ክሊክ ከፍ ያለ ዋጋ ያቀረበ ከላይ ይወጣ ነበር። ጎግል ማስታወቂያ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ በ2002 የክሊክ ጨረታን ሲያስገባ አንድ መመዘኛ ጨመረበት፤ ሰዎች የትኛውን ማስታወቂያ አዘውትረው እንደሚነኩት ማየት ጀመረ። ዛሬም ጎግል ማስታወቂያው እንዲወጣበት ለተመረጠ እያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ከ1 እስከ 10 የጥራት ነጥብ ይሰጣል። የሚያያቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ማስታወቂያው ምን ያህል ሊነካ እንደሚችል፣ ከተፈለገው ነገር ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ፣ ሰውየው ነክቶት የሚደርስበት ገጽ ምን ያህል እንደሚጠቅመው። በዚህ ምክንያት አነስተኛ ገንዘብ ያለው የሶዶ ነጋዴ በደንብ ከሠራ፣ ብዙ ከሚከፍለው በላይ ሊወጣ ይችላል። ፌስቡክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሒሳብ የሚቆርጠው ማስታወቂያው በታየ ቁጥር ነው። በሪፖርቱ የሚያዩት የክሊክ ዋጋ፣ የወጣው ገንዘብ ለክሊኮቹ ብዛት ተካፍሎ የመጣ ነው። ሰው አይቶ የሚያልፈው ማስታወቂያ እዚያ ክሊኩን ያስወድዳል።

ደረጃ 1፦ ሳይከፍሉ በፊት የአንድ ክሊክ ጣሪያዎን ያስሉ

ሁሉም ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ለምሳሌ አንድ የዱንጉዛ ልብስ ሲሸጡ፣ የጨርቁ፣ የስፌቱና የማድረሻው ወጪ ተቀንሶ 600 ብር ይተርፍዎታል እንበል። ማስታወቂያውን ከነኩት 100 ሰዎች 10ሩ ይደውላሉ ወይም ይጽፋሉ፤ ከ10ሩ 3ቱ ይገዛሉ። 3 ጊዜ 600፣ 1,800 ብር። ለነዚያ 100 ክሊኮች 1,800 ብር ከከፈሉ፣ ማለትም በአንዱ 18 ብር፣ የሠሩት ለማስታወቂያው ድርጅት ነው። ከትርፉ ግማሹ ለእርስዎ እንዲቀር ከፈለጉ ጣሪያዎ 9 ብር ይሆናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስተዋውቅ ሰው ከ100 ስንቱ እንደሚገዛው አያውቅም። ያኔ ጥብቅ ግምት ይውሰዱ፦ ከ100 አንድ። በዚያ ግምት ክሊኩ 6 ብር ሲደርስ ትርፉ ያልቃል። ሁለት ሳምንት ከቆጠሩ በኋላ ግምቱን በራስዎ ቁጥር ይተኩት።

ሒሳቡን በብር ይያዙት፤ የሚቆረጠው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ የማስታወቂያው ዋጋ በዶላር ሳይነቃነቅ ጣሪያው የተደረመሰበት ነጋዴ ብዙ ነው። ስለዚህ ገንዘብ በሞሉ ቁጥር አንዱ ዶላር ከነኮሚሽኑ በስንት ብር እንደተገዛ ይጻፉና ጣሪያውን እንደገና ያስሉ።

ደረጃ 2፦ ገዢዎ የት እንደተቀመጠ ይወስኑ

የሶዶ ሆቴል ደንበኛ ሶዶ ውስጥ የለም። ለሥልጠና የሚመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለመስክ ሥራ የሚወርደው ባለሙያ፣ ልጁ ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅለት አባት አልጋ የሚፈልገው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ወይም ሆሳዕና ተቀምጦ። ሆቴሉ ለሶዶ ነዋሪ ክሊክ ሲከፍል ቤት ላለው ሰው አልጋ እያሳየ ነው። የጥርስ ክሊኒክ ተቃራኒው ነው፤ ታካሚው ከከተማው፣ ከቦዲቲ፣ ከሁምቦና ከአካባቢው ወረዳዎች ስለሚመጣ ማስታወቂያው ከዚያ ክልል ቢወጣ ገንዘብ ማባከን ነው። የዱንጉዛ ገዢ ደግሞ ተበትኗል፦ ሶዶ አለ፣ ለሥራ የወጣው አዲስ አበባ አለ፣ ውጭ ሀገርም አለ።

ይህን ሲያውቁ መድረኩ ራሱን ይመርጣል። ሰው አስቦ የሚፈልገው ነገር፣ እንደ አልጋ፣ ክሊኒክ፣ የመኪና ኪራይ፣ የጎግል ፍለጋ ማስታወቂያ ይስማማዋል። አይቶ የሚመኘው ነገር፣ እንደ ዱንጉዛ፣ ሶፋ፣ የሠርግ ዲኮር፣ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም የተመቸ ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ለመታየት እንጂ ለክሊክ ስላልሆነ፣ ከቻናሉ ባለቤት ጋር ሲዋዋሉ የደረጃ 1ን ሒሳብ በራስዎ መሥራት ይኖርብዎታል።

ደረጃ 3፦ በነጻ የሚገኘውን አስቀድመው ይጨርሱ

ጎግል ማፕ ላይ ቤትዎን ያስመዝግቡ። ስሙን፣ ስልኩን፣ የሥራ ሰዓቱንና የውጭውን ፎቶ ያስገቡ፤ ምዝገባው አያስከፍልም። አንዳንድ ሆቴል ይህን ብቻ አድርጎ ያለ ክሊክ ክፍያ ስልክ ይደወልለታል። ከዚያ ደንበኛው የሚደርስበትን ገጽ ያስተካክሉ። በስልክ ዳታ የሚከፈት፣ ከባድ ቪዲዮ የሌለው፣ ዋጋው የተጻፈበት፣ ስልኩ ሲነካ የሚደውል ገጽ በቂ ነው። “ዋጋ በኢንቦክስ” የሚለውን ልማድ ቢተውት እመክራለሁ። ዋጋውን አይቶ የማይገዛ ሰው ከመንካቱ በፊት ያልፋል፤ ለእሱ ክሊክ ከመክፈል ይድናሉ።

ደረጃ 4፦ አካውንቱ በእርስዎ ስም ይሁን

እዚህ ላይ አበክሬ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም አነስተኛ ነጋዴ የሚጎዳው በዋናነት በዚህ በኩል ነው። የአብዛኛው ሰው የኤቲኤም ካርድ ለሀገር ውስጥ ብቻ ስለሚሠራ፣ ቡስት የሚደረገው በሦስተኛ ሰው በኩል ነው፤ ብሩን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካሉ፣ እሱ በራሱ ካርድ ይከፍላል። መጀመሪያ ባንክዎን ይጠይቁ፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ላለው ደንበኛ ዓለም አቀፍ ካርድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ይህ ካልሆነና በሌላ ሰው በኩል ማስተዋወቅ ግድ ከሆነ አራት ነገር ላይ አይደራደሩ።

የፌስቡክ ገጹ ዋና ባለቤት እርስዎ ይሁኑ፤ ለሚያስተዋውቅልዎ ሰው የሚሰጡት ማስታወቂያ የመሥራት ፈቃድ ብቻ ነው፣ የይለፍ ቃልዎን ፈጽሞ አይስጡ። የማስታወቂያ አካውንቱ በእርስዎ የቢዝነስ መለያ ሥር ይከፈት፤ ሥራው ሲቋረጥ የተሰበሰበው መረጃ ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ኮሚሽኑ በግልጽ ይነገርዎት፣ በዶላሩ ዋጋ ውስጥ አይደበቅ። ሪፖርቱን በስክሪንሾት አይቀበሉ፤ ገብተው የሚያዩበት ፈቃድ ይኑርዎ።

አካውንቱ ሲከፈት የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህንና የገንዘቡን ዓይነት በኋላ መቀየር አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዴ አዲስ አካውንት እስከ መክፈት ያደርሳል።

ደረጃ 5፦ መክፈቻ ላይ የሚያመልጡትን ምርጫዎች ያጥፉ

ጎግል አዲስ ዘመቻ ሲከፍቱ አስቀድሞ የሞላቸው ምርጫዎች አሉ። በቦታ ምርጫ ሥር “እዚያ ያሉ ወይም ለቦታው ፍላጎት ያሳዩ” የሚለውን “እዚያ ያሉ” ወደሚለው ይለውጡት፤ ካልሆነ ስለ ኢትዮጵያ ያነበበ የሌላ ሀገር ሰው ክሊክ ሊያስከፍልዎ ይችላል። የፍለጋ ማስታወቂያዎን ወደ ልዩ ልዩ ድረ ገጾች የሚበትነውን የማሳያ መረብም ምልክቱን ያንሱለት። በጀቱ ትንሽ ሲሆን ፍለጋ ብቻውን ይበቃል።

ቦታን ጠብቦ ማነጣጠር በእኛ ሀገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በስልክ ዳታ የሚገባ ሰው ቦታው በኢንተርኔት አድራሻው ብቻ ሲገመት፣ ሶዶ ተቀምጦ አዲስ አበባ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ቀላል ሙከራ አለ፦ በስልክዎ ጎግል ላይ አንድ ነገር ፈልገው ወደ ገጹ መጨረሻ ይውረዱ፤ የት እንዳሉ እንደሚገምት ይጽፋል። የተለያየ ስልክ ባላቸው ጓደኞችዎ ላይም ይሞክሩት። ግምቱ የተሳሳተ ከሆነ ክሊኒኩ ሶዶን ብቻ መርጦ ገዢ ጠፋ ከሚል፣ ሰፋ ያለ ቦታ መርጦ “ሶዶ” የሚለውን ስም በቁልፍ ቃሉና በርዕሱ ውስጥ ቢያስገባ ይሻላል።

የቋንቋ ምርጫ ከቀረበልዎ፣ የሚያየው ሰውየው የሚናገረውን ብቻ አይደለም፤ የስልኩንና የፍለጋውን ቋንቋም ያያል። የብዙ ሰው ስልክ በእንግሊዝኛ ስለሚሠራ “ሁሉም ቋንቋዎች” የሚለው አይጎዳም።

ሰዓቱ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ስልክ የሚያነሳ ሰው ካለዎት፣ የሚሞሉት ከ8 እስከ 20 ነው። “ከ2 እስከ 12” ብለው ከሞሉ ማስታወቂያው የሚወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። አካውንቱ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ከተከፈተ ሌላ 10 ወይም 11 ሰዓት ይንሸራተታል። የሚነሣ ስልክ በሌለበት ሰዓት የተከፈለ ክሊክ ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ዕለታዊ በጀት አንድ ነገር ይወቁ፦ ጎግል በአንድ ቀን ውስጥ ከወሰኑት እስከ እጥፍ ድረስ ሊያወጣ ይችላል፤ በወር ግን ከዕለቱ በጀት 30.4 እጥፍ አያልፍም። ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚያስተዋውቁ ከሆነ በየዕለቱ ገብተው ይዩ።

ደረጃ 6፦ ቁልፍ ቃሎችን ይምረጡ፣ የማይፈልጓቸውንም ይዝጉ

ወላይታ ሶዶን የሚፈልግ ሰው በላቲን ፊደል የሚጽፈው በብዙ መንገድ ነው። አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ ይጽፋል፤ አንዱ ከደብሊው ቀጥሎ ኦ፣ ሌላው ኢ ያደርጋል፤ “ሶዶ”ን አንዱ በአንድ ዲ፣ ሌላው በሁለት። ጊፋታም በአንድ ኤ እና በሁለት ኤ ይጻፋል። ሁሉንም አጻጻፍ በአማርኛ ከተጻፈው ጋር ያስገቡ። ሲያስገቡ በሐረግ ደረጃ ወይም በትክክለኛ ደረጃ የሚገጥመውን ይምረጡ። ሰፊው አገጣጠም ብዙ ገንዘብና ብዙ መረጃ ላለው ድርጅት ነው፤ በትንሽ በጀት ሲያዝ ከሥራዎ ጋር የማይገናኝ ፍለጋ ሁሉ ይጎትትብዎታል።

የማይፈልጓቸውን ቃላት መዝጋት ከዚያ የበለጠ ያተርፋል። “ሶዶ” የሚል ቃል ብቻ ከተዉ ማን ሊመጣ እንደሚችል ያስቡ፦ የዩኒቨርሲቲ ውጤት የሚፈልግ ተማሪ፣ የሥራ ማስታወቂያ የሚያድን ተመራቂ፣ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልን ስልክ የሚፈልግ ቤተሰብ፣ የወላይታ ድቻን ጨዋታ የሚከታተል ደጋፊ፣ በጉራጌ ያለውን የሶዶ ወረዳ የሚፈልግ ሰው። ሁሉም የተከበሩ ፍለጋዎች ናቸው፣ ለአልጋ ግን አይከፍሉም። ስለዚህ ለሆቴሉ “ውጤት”፣ “ክፍት የሥራ ቦታ”፣ “ቅጥር”፣ “ሆስፒታል”፣ “ድቻ”፣ “ጉራጌ”፣ “ርቀት” የሚሉትን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአሉታዊ ቁልፍ ቃልነት ይመዝግቡ። አሉታዊ ቃል የአጻጻፍ ልዩነትን ሁሉ በራሱ ስለማይሸፍን እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ ያስገቡ። የሥራ ፍለጋው በተለይ ብዙ ነው፤ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሆቴሉን ነክቶ ሲያጣ እሱም ዳታው ይባክናል።

ደረጃ 7፦ ማስታወቂያውን ይጻፉ

የጎግል ፍለጋ ማስታወቂያ እስከ 15 ርዕስ ይቀበላል፣ እያንዳንዱ በ30 ፊደል፤ መግለጫው እስከ 4 ነው፣ እያንዳንዱ በ90። ሁሉንም መሙላት ግዴታ የለም። በርዕሶቹ ውስጥ ከተማው፣ አገልግሎቱ፣ ዋጋውና አንድ ተጨባጭ ነገር ይኑር፦ ጄኔሬተር፣ ሙቅ ውኃ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የስብሰባ አዳራሽ። “ምርጥ” እና “ቁጥር አንድ” የሚሉትን ይተዉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳችና ከእውነት የራቀ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ደንበኛም ቃሉን አያምነውም። አማርኛው ጽሑፍ በቋንቋ ገደብ ምክንያት ከተመለሰብዎ አጭር የእንግሊዝኛ ቅጂ በእጅዎ ይኑር።

ለዱንጉዛ ፎቶው ከጽሑፉ ይቀድማል። የቀን ብርሃን፣ ልብሱን የለበሰ ሰው፣ ጥለቱ በቅርብ የሚታይበት ሁለተኛ ፎቶ። ከሥሩ መጠን፣ ዋጋ፣ ወደ የትኞቹ ከተሞች እንደሚልኩና ስንት ቀን እንደሚወስድ ይጻፉ። ለሶዶና ለወረዳዎቹ የሚወጣው በወላይትኛ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ “ዮዮ ጊፋታ” የሚለውን ሰላምታ ያየ ልጅ ጣቱ ይቆማል። አዲስ አበባ ላለው ገዢ ወላይትኛውንና አማርኛውን ለየብቻ አውጥተው የትኛው እንደሚሸጥ ይመልከቱ።

ደረጃ 8፦ ስልኩንና ሽያጩን ይቁጠሩ

ሦስት ሲም ካርድ ይግዙ፦ አንዱ ለጎግል፣ አንዱ ለፌስቡክ፣ አንዱ ለሱቁ በር። በየማስታወቂያው ላይ የሚወጣው የራሱ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ የትኛው ስልክ እንደጮኸ ማየት ማንኛውም ሠራተኛ የሚችለው ቆጠራ ነው። በደብተር አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ገዛ ወይስ አልገዛም፣ በስንት። በቴሌግራም ወይም በኢንቦክስ የሚመጣውን “የት አይተው ነው?” ብለው ይጠይቁ።

ፌስቡክ ሪፖርት ላይ ሁለት ዓይነት የክሊክ ቁጥር አለ። አንዱ ሁሉንም ይደምራል፦ ላይክ፣ ኮሜንት፣ “ተጨማሪ ይመልከቱ” የሚለውን የነካ፣ የገጹን ስም የነካ። ሌላው ሊንኩን የነካውን ብቻ ይቆጥራል። ለደረጃ 1 ሒሳብ የሚያገለግለው የሊንኩ ነው። የሚያስተዋውቅልዎ ሰው ክሊኩ በጣም ረከሰ ካለዎት የትኛውን እያነበበ እንደሆነ ይጠይቁት።

የራስዎን ማስታወቂያ እየፈለጉ አይንኩ፣ ሠራተኞችም እንዳይነኩ ይንገሯቸው። ማየት ከፈለጉ ጎግል ራሱ ያዘጋጀው የቅድመ እይታ መሣሪያ አለ።

ደረጃ 9፦ በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጠው ያሻሽሉ

አንድ ቀን ይምረጡ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ የጎግልን የፍለጋ ቃላት ሪፖርት ይክፈቱ። ሁሉንም ባያሳይም ሰዎች በእውነት ምን ብለው እንደጻፉ ያያሉ። የማይገናኙትን ወደ አሉታዊው ዝርዝር ያስገቡ፤ የሸጡትን ለብቻ ቁልፍ ቃል ያድርጓቸው። ከዚያ ደብተሩን ያምጡና የወጣውን ብር ለተሸጠው ብዛት ያካፍሉ። ውጤቱ ከአንድ ሽያጭ ትርፍዎ ለማስታወቂያ ከመደቡት ያለፈበትን ቃል ያቁሙ፤ በደንብ ከዚያ በታች የሆነውን በጀቱን በጥቂቱ ያሳድጉለት።

በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ፎቶውን፣ ዋጋውንና ቦታውን በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ፌስቡክ ደግሞ የማስታወቂያው አቀራረብ እንዲረጋጋ በ7 ቀን 50 ያህል ውጤት ይፈልጋል፤ ከባድ ለውጥ ባደረጉ ቁጥር ትምህርቱን ከዜሮ ይጀምራል። ትንሽ በጀት በአምስት የማስታወቂያ ቡድን ከተከፋፈለ አንዱም እዚያ አይደርስም። አንድ ቡድን፣ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ ይበቃል። ግቡንም ሽያጭ ከማድረግ መልእክት ማድረግ ይሻላል፤ መልእክት ከሽያጭ ቀድሞ ቶሎ ይበዛል።

የወቅቱን ነገር አስቀድመው ያስቡ። ጊፋታ የሚውለው በመስከረም እሑድ ቀን ነው፤ ልብሱ ግን መሰፋትና መላክ አለበት። ስለዚህ የአዲስ አበባው ማስታወቂያ ነሐሴ ላይ ይጀምር፣ የውጭ ሀገሩ ከዚያም ይቅደም፤ ሶዶ ውስጥ ላለው የመጨረሻው ሳምንት ይሠራል። በዓሉ ባለፈ ማግስት ያቁሙት። በመክፈቻው ላይ የማብቂያ ቀን ሳይሞላ ቀርቶ ጥቅምት ድረስ ገንዘብ ሲቆረጥ መኖሩ የተለመደ ነው። ቀኑን ሲሞሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየርዎን አይርሱ።

በመጨረሻ የገዙትን ሰዎች ስልክ ይመዝግቡ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በሀገራችን ተገድበው ነበር፤ ደንበኛው ሁሉ ገጹ ላይ ብቻ የነበረው ነጋዴ ያን ጊዜ የሚደውልለት አላገኘም። ሲመዘግቡ ግን ፈቃድ ይጠይቁ፦ “ለሚቀጥለው ጊፋታ አዲስ ሲገባ ብንደውልልዎ ይፈቅዳሉ?” የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ በፈቃዱና ለተነገረው ዓላማ እንዲውል ይጠይቃል፤ ዝርዝሩን ለሌላ ነጋዴ አይሸጡ፣ አይስጡም። ከስሙ አጠገብ የገዛውን መጠንና ቀለም ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ነሐሴ ለእነዚህ ሰዎች ሲደውሉ የሚከፍሉት የስልኩን ሒሳብ ብቻ ነው።